የመጋዟ ፍሬንና ቀኝ ዓይኔ

ይህን የምጽፈው በቤቱ ተቀምጦ ብረትን በብረት ለሚመታ ሰው ሁሉ ነው፤ መቀርቀሪያ የሚያቃና ይሁን፣ መጥረቢያ የሚያጠብቅ ይሁን፣ ወይም እንደ እኔ ያልተማረውን ማሽን የሚፈታ። ሐኪም አይደለሁም። እኛ አሁንም ቆሰበር በምንላት በእንጅባራ ከተማ የሳይንስ መምህር ነኝ። የደረሰብኝን በቅደም ተከተል ብናገር ግን ምናልባት የአንድ ሰው ዓይን ይተርፍ ይሆናል።

ሕመሜ የጀመረው በዓይን አይደለም፤ በፍሬን ነው።

ወላጆቼና ታላቅ ወንድሜ ፈንቴ የሚኖሩት ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው። እንደ ጎረቤቶቻችን እኛም ከእርሻችን ከፊሉን ዲከረንስ ተክለንበታል። ዲከረንስ የምንለው ቶሎ የሚያድግ የግራር ዓይነት ሲሆን፣ ሲደርስ ይቆረጥና ከሰል ይሆናል። ጋሼ ፈንቴ ለዚሁ ሥራ ቼንሶው አለው፤ በቤንዚን የምትሠራ፣ ባለ ሰንሰለት የሞተር መጋዝ ናት። የራሱን ቆርጦ ሲጨርስ የጎረቤትም ይቆርጣል።

ቼንሶው ፍሬን እንዳላት ብዙ ሰው አያውቅም። ከፊት እጀታዋ ቀደም ብሎ የቆመ የፕላስቲክ ጋሻ አለ። እጅን ከስንጣሪ ለመከለል ብቻ የተሠራ ይመስላል፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። የመጋዟ ጫፍ እንጨት ውስጥ ተነክሶ በድንገት ወደ ቆራጩ ፊት ሲወረወር፣ ጋሻው የእጅን አንጓ ይነካና ወደ ፊት ይታጠፋል። ያኔ ውስጥ ታፍኖ የቆየ ሞላ ይለቀቃል፤ እንደ ቀበቶ ያለ ስስ ብረት ሰንሰለቱን የሚያዞረውን ከበሮ አንቆ ይይዘዋል፤ ሰንሰለቱም ዓይን ሳይጨፈን ይቆማል።

የጋሼ ፈንቴ መጋዝ ጋሻ ግን በሽቦ ወደ ኋላ ተጠፍሮ ነበር። በእኛ አካባቢ እንዲህ ማድረግ የተለመደ ነው። ፍሬኑ በሙጫና በሰጋቱራ ይጣበቅና በየመሃሉ እየያዘ ሥራ ሲያስፈታ፣ ቆራጮቹ ጋሻውን በሽቦ ያስሩትና ይገላገላሉ። አንድ ቅዳሜ ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ ሽቦውን ሳይ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቅሁት።

«ፍሬን ለመኪና ነው» አለኝ። «ይቺ ደግሞ ቁልቁለት አትወርድ።»

ሳቅሁ፤ ነገሩ ግን አልለቀቀኝም። ፊቱን እያየሁ መጋዟ ወደ እሱ ስትወረወር ይታየኝ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፈትቼ እንደማስተካክላት ነገርኩት። መግጠም ካቃተኝ ለተማሪዎቼ የምላትን «ተሳስታችኋል፣ ድገሙት» ለራሴ እንድላት መከረኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ስለ ፍሬኑ አነበብኩ፤ በስልኬም ቪዲዮ አየሁ። የተማርኩት ዋና ነገር ሞላው አደገኛ መሆኑን ነው፤ ክዳኑ ሲነሣ ተስፈንጥሮ ፊት ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ማዳበሪያ ከረጢት መሬት ላይ አነጠፍኩ፤ ቡሎኖቹን በተፈቱበት ተራ ደረደርኩ፤ ሞላው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣልኩበትና በካቻቢቴ ቀስ ብዬ ፈነቀልኩት። ሞላው ጨርቁ ውስጥ እንደተያዘች አይጥ ዘለለና ቀረ። ጋሼ ፈንቴ እንኳ «በስመአብ» ብሎ አደነቀ። አደጋውን ያለፍኩ መሰለኝ።

የቀረው ጋሻው የሚታጠፍባት አንዲት አጭር ፒን ነበረች። በሙጫ ተጣብቃ አልወጣ አለች። መዶሻ ነበረን፤ ተደግፎ የሚመታበት ጠንካራ ነገር ግን አልነበረም። ከጎተራው ሥር ያለቀች አሮጌ ማረሻ ወድቃ አየሁ። ሞፈር ላይ ስትውል ስንት ድንጋይ የገጠማት፣ በየዓመቱ በእሳት ግላ ስትቀጠቀጥ የኖረች ብረት ናት። አመጣኋት፤ ክዳኑን ጫፏ ላይ አስደግፌ ፒኗን በወፍራም ምስማር መምታት ጀመርኩ። አንዱ ምት አንሸራቶኝ መዶሻው ማረሻዋን ራሷን አገኘ። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቀኝ ዓይኔን ትንኝ የነካኝ መሰለኝ። አሸት አሸት አደረግሁት፤ በውሃ ታጠብኩ፤ ተወኝ። በሚቀጥለው ምት ፒኗ ወጣች፤ ከደስታዬ የተነሣ ትንኟን ረሳኋት። ቀበቶው በጣም ሳስቶ ስለነበር አዲስ እስኪገዛ ዕቃውን ሁሉ ከረጢቱ ውስጥ ጠቅልለን አስቀመጥን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። በተደጋጋሚ እየጋለ ተቀጥቅጦ ውሃ ውስጥ የተነከረ ብረት ይጠነክራል፤ የጠነከረ ብረት ደግሞ ሲመታ አይጎብጥም፣ ይሰነጠራል። ስንጣሪዋ ከሰሊጥ ታንሳለች፤ ፍጥነቷ ግን ከወንጭፍ ይበልጣል። ዓይን ስትበሳ ብዙ ላታሳምም ትችላለች፤ የገባችበት ቀዳዳም ወዲያው ይገጥማል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ሰኞ ዓይኔ ቀላ። ጊዜው ደግሞ በትምህርት ቤታችን የዓይን በሽታ የገባበት ነበር። ልጆቹ ዓይናቸው በማዝ ተጣብቆ ይመጡ ነበር፤ እኔም በሰልፍ ላይ እጅ ስለ መታጠብና ፎጣ ስላለመጋራት ረዘም ያለ ንግግር አድርጌ ነበር። ስለዚህ የራሴን ቅላት ሳይ ከየት እንደመጣ ለመጠርጠር አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። የታመሙትን ልጆች ይዤ ጤና ጣቢያ ስሄድ እኔም ከኋላቸው ተሰለፍኩ። አንዷ ተማሪዬ ዘወር ብላ «መምህር፣ እርስዎም እጅዎን አልታጠቡም?» አለችኝ፤ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ።

ነርሷ ዘንድ ተራዬ ሲደርስ ከልጆቹ የተጋባብኝ መሆኑን እኔው ቀድሜ ነገርኳት። ለእነሱ የሰጠችውን የዓይን ቅባት ለእኔም ሰጠችኝ። አልፈርድባትም፤ በዚያ ሁሉ ልጅ መካከል የቆመ ቀይ ዓይን ሌላ ምን ሊመስላት ይችላል?

ልጆቹ ዳኑ። እኔ አልዳንኩም።

መጀመሪያ ነገሩን ያየችው ባለቤቴ ብርቱካን ናት። የልጆቹ በሽታ ሁለቱንም ዓይን ሲይዝ የእኔ ለምን በአንዱ እንደቀረ ጠየቀችኝ። በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጽፌ ዘወር ስል ግራ ዓይኔን በእጄ ከለልኩና በቀኙ አየሁ። የጻፍኩት ፊደል ጠዋት ጠዋት ቆሰበር ላይ የሚወርደው ጉም ውስጥ የገባ ይመስል ነበር። በጉሙ መሃል አንዲት ጥቁር ነጥብ ዓይኔን ባዞርኩ ቁጥር አብራ ትዋኛለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራ ዓይኔን መክደን ልማድ ሆነብኝ፤ ቁርስ ላይ፣ መንገድ ላይ፣ ደብተር ሳርም። በየቀኑ ጉሙ ይወፍር ነበር።

ከተማው ውስጥ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። የዓይን መቆጣት ነው ብለው ጠብታ ቀየሩልኝ። እናቴ ስትሰማ ከገጠር ጸበል ይዛ መጣች። ፊቴን እያጠበች በአዊኛ ትጸልይልኝ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ልቤ ያረፈው እሷ አጠገቤ በነበረችበት ሰዓት ብቻ ነው። ጠብታውም አልቆመም፣ ጸበሉም አልቀረም፤ ጉሙ ግን አልተገለጠም። ሲመሽ አንድ ሐሳብ ብቻ ይመላለስብኝ ነበር። ይህ ነገር ወደ ግራውም ቢሻገርስ? ማንበብ የማይችል መምህር ምን ሆኖ ይኖራል? ለብርቱካን አልነገርኳትም። እሷም የምታስበውን አልነገረችኝም። ሁለታችንም በረባ ባልረባው መነታረክ ጀመርን፤ ፍርሃታችንን በጨውና በሳሙና ላይ ተወጣነው።

በመጨረሻ ብርቱካን ሥራዋን ትታ ወደ ከተማችን ሆስፒታል ወሰደችኝ። የዓይን ክፍሉ በር ላይ ረጅም ሰዓት ቁጭ አልን። የዓይን ነርሷ ወጣት ሴት ናት፤ ደከም ያለች ትመስላለች። እኔ ስለ ትምህርት ቤቱ በሽታ ማብራራት ስጀምር በእጇ አስቆመችኝ።

«እሱን ተወው፣ መምህር። መጀመሪያ ሲሰማህ እጅህ ምን ይሠራ ነበር?»

ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ትንኟ ትዝ አለችኝ። ስለ መጋዟ፣ ስለ ፒኗ፣ ስለ ማረሻዋ ነገርኳት። ነርሷ እስክርቢቶዋን አስቀመጠች። ዓይኔን በአጉሊ መብራት ደጋግማ ካየች በኋላ ብረት ከብረት ጋር ተመቶ ከሆነ ስንጣሪ ሳይኖር አይቀርም አለችና ራጅ አዘዘች።

ራጁን ስንጠብቅ ለጋሼ ፈንቴ ደወልኩ። ማረሻዋን ፈልጎ ጫፏን እንዲያይልኝ ለመንኩት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። እርምጃው፣ የጎተራው በር ሲንጫጫ፣ ከዚያም ትንፋሹ በስልኩ ይሰማኝ ነበር። ብዙ ቆየ።

«ጫፏ ላይ ጎድላለች» አለ። «አዲስ ነው፤ ያበራል።» ከዚያም «የጎደለው ወዴት ነው የሄደው?» አለኝ።

ራጁ መለሰለት። በዓይኔ ጉድጓድ ጥላ ውስጥ አንዲት ነጭ ነጥብ ቁጭ ብላለች።

ነርሷ ነገሩን ሳትደብቅ አስረዳችን። ብረቷ የዓይኔን ሌንስ በስታ አልፋለች፤ ጉሙ የመጣው ሌንሱ ስለተጎዳ ነው። ብረት ዓይን ውስጥ ከቆየ ይዝጋል፤ ዝገቱም ሬቲናን፣ ማለትም ከዓይን ጀርባ ሆኖ ብርሃንን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን፣ ይመርዛል። ቁስሉ ቢያመረቅዝ ደግሞ ዓይኑ ጨርሶ ይጠፋል። በፍጥነት ባሕር ዳር ገብቼ በቀዶ ሕክምና ላስወጣት ይገባል።

በፍጥነት መሄድ ግን በእኛ እጅ አልነበረም። በዚያ ሰሞን መንገድ ተዘግቶ ነበር። ጋሼ ፈንቴ ከአዲስ ቅዳም የቻለውን ያህል በእግሩ፣ የቀረውን በባጃጅ መጥቶ መናኸሪያ አጠገብ ሲያድር ሲውል ሰነበተ፤ ሚኒባስ ተነሣ በተባለ ቁጥር ይደውልልኛል፤ ልብሴን ለብሼ ስወጣ ደግሞ ቀረ ይባላል። ብርቱካንና እሱ በዚያ መካከል ተጋጩ። መጋዝህ ባይኖር ይህ አይመጣም ነበር አለችው። እሱ አንገቱን ደፍቶ ወደ መናኸሪያው ተመለሰ። ማታ ደውላ መጥቶ እራት እንዲበላ ለመነችው።

መንገዱ ሲከፈት የመጀመሪያው መኪና ላይ እኔና እሱ ነበርን። ብርቱካን ልጃችንን ይዛ ቀረች። ዳንግላ ላይ ሚኒባሱ ሰው ሲጭን ግራ ዓይኔን ከደንኩ። ጋሪ የሚጎትቱት ፈረሶች ቀለማቸው ጠፍቶ ጥላ ብቻ ሆነው ያልፋሉ። ጋሼ ፈንቴ እጄን ያዘና ከዓይኔ ላይ አወረደው። «በቃ አትመዝነው» አለኝ።

የባሕር ዳሩ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አግዳሚ ወንበሩ በሰው ጢም ብሎ ነበር። አጠገቤ ከወደ ዳንግላ የመጡ አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል፤ የዓይናቸውን ሞራ ለማስገፈፍ ከማለዳ ጀምረው የሚጠብቁ። ነርሱ ወረቀቴን አንብቦ እኔን ቀድሞ ሲጠራኝ አፈርኩ፤ ተራው የእርስዎ ነው አልኳቸው።

«ሂድ ልጄ» አሉኝ ጉልበቴን መታ እያደረጉ። «የእኔ ሞራ ከእኔ ጋር ያረጀች ናት። ዛሬ ጥላኝ የትም አትሄድም።»

ቀዶ ሕክምናው በማግስቱ ሆነ። ዓይኔ ብቻ ደነዘዘ እንጂ ነቅቼ ነበር። ፊቴ በጨርቅ ተሸፍኖ የመሣሪያዎቹን ድምፅና የሐኪሙን አጫጭር ቃላት እሰማለሁ። ማግኔት ሲጠይቅ ሰማሁት። በየዓመቱ ለተማሪዎቼ ምስማር እየሳብኩ የማሳየው ነገር ነው፤ ያን ቀን ስሙን ስሰማ ግን ጣቶቼ አንሶላውን ጨመደዱት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሐኪሙ «ወጣች» አለ። በጣም በቀስታ ነበር ያለው።

የተበላሸው ሌንሴ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ተተካልኝ። ብረቷ ሬቲናዬን ስለቀደደችው ደግሞ ሐኪሙ ዓይኔ ውስጥ የጋዝ አረፋ ጨመረ። አረፋው የተቀደደውን እስኪያጣብቅ ድረስ እንደ ጣት ደግፎ ይይዘዋል። አረፋ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ የዓይኔ ጀርባ ወደ ላይ እንዲሆን ፊቴን ወደ መሬት ደፍቼ መሰንበት ነበረብኝ። ስበላም፣ ስተኛም፣ ሳወራም። ሁለተኛው ትእዛዝ የበለጠ አስገረመኝ፤ አረፋው እስኪጠፋ ቆሰበር እንዳልመለስ ከለከለኝ። አገራችን ከባሕር ዳር ከፍ ያለ ነው፤ ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ ጋዝ ያብጣል፣ ዓይን ውስጥ ያለው ጋዝ ሲያብጥ ደግሞ ዓይኑን ያፍነዋል። ይህን ለተማሪዎቼ በፊኛ አስተምሬው ነበር። አሁን ፊኛው እኔ ሆንኩ።

ባሕር ዳር በአንዲት የአክስታችን ልጅ ቤት ተቀመጥን። ጋሼ ፈንቴ አልተለየኝም። የዲከረንሱ መቁረጫ ጊዜ መድረሱን አውቃለሁ፤ አባታችን ዛፉን እንደቆመ ለነጋዴ እንዲሸጠው በስልክ ሲስማሙም ሰማሁ። እሱ ግን ነገሩን አላነሣብኝም። እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ግንባሬን ደግፌ ወለሉን ሳይ እውላለሁ፤ እሱ ሊያወራኝ ሲፈልግ ወለሉ ላይ በጀርባው ይጋደምና ከሥር ወደ ላይ ያየኛል። እንዲያ ፊት ለፊት ሆነን ያወራነውን ያህል በዕድሜያችን ሁሉ አውርተን አናውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንደዚያ ተጋድሞ ሳለ «ሽቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ማረሻዋን ያመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ።»

«ፍሬኑ ደህና ቢሆን አትነካውም ነበር።»

«እንደታሰረ ቢቀር ኖሮ ደግሞ ዛሬ የተጎዳኸው አንተ ትሆን ነበር፤ እሱም ፊት ከተረፈህ ነው።»

ዓይኖቹ ሞልተው ነበር፤ በጀርባው ስለተጋደመ ዕንባው ወደ ጆሮው ወረደ።

«ከሥር ስትታይ አፍንጫህ የአባባ ነው» አለኝ።

ፋሻው በየቀጠሮው እየተከፈተ ሲታይ መጀመሪያ የማየው በውሃ ውስጥ ገብቼ ቀና ያልኩ ያህል ብቻ ነበር። አረፋው ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ሄደ፤ በላዩ በኩል ቀጭን የብርሃን መስመር ተከፈተ። አንድ ጠዋት ሐኪሙ ጣቶቹን ከፊቴ ዘርግቶ ስንት እንደሆኑ ጠየቀኝ፤ በትክክል መለስኩ። ያልሰማኝ ይመስል ደጋግሜ መለስኩለት፤ በስተኋላ «መምህር፣ አልፈሃል» ብሎ ሳቀብኝ። ስንጣሪዋን በፕላስተር ለጥፎ ሰጠኝ። ከጤፍ ብዙ አትበልጥም።

ዓይኔ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ይህን ሳልሸፍን መናገር አለብኝ። ለማንበብ መነጽር እፈልጋለሁ፤ ማታ መብራት ሲያጋጥመኝ ዙሪያው ይበታተንብኛል። ግን አያለሁ። ሐኪሙ እንደነገረኝ ትንሽ ቆይቼ ብሄድ ኖሮ ይህም አይኖርም ነበር። ስለዚህ አንባቢዎች ሆይ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይበቃኛል፤ ዓይናችሁን ሲያማችሁ ለሐኪሙ የመሰላችሁን በሽታ አትንገሩት፣ ስትሠሩት የነበረውን ሥራ ንገሩት። ብረት ስትመቱ ደግሞ መነጽር አድርጉ፤ ሌላ ሰው አጠገባችሁ ካለም ለእሱም አድርጉለት።

አረፋው ጠፍቶ ከተመለስን በኋላ ቤተሰብ ልጠይቅ ስሄድ ከረጢቱ ጎተራው ውስጥ እንደተጠቀለለ አገኘሁት። ነጋዴው ዲከረንሱን ቆርጦ ሄዷል፤ በማሳው ጠርዝ ለቤት ማገዶ የተተዉ ጥቂት ዛፎች ብቻ ቆመዋል። ጋሼ ፈንቴ እነሱን በመጥረቢያ ጀምሯቸው ነበር። መጋዟን ለምን እንዳልነካት ስጠይቀው ከረጢቱን በእግሩ ወደ እኔ ገፋው።

«የጀመርከውን አንተ ጨርስ» አለ። ከኪሱ ከባሕር ዳር የገዛቸውን አዲስ የፍሬን ቀበቶና ሁለት የሥራ መነጽሮች አወጣ፤ አንዱን መነጽር ለራሱ አደረገ፣ ሌላውን በማንበቢያ መነጽሬ ላይ ደረበልኝ። ብርቱካንም አብራኝ መጥታ ነበር፤ ሁለት እንቁራሪት መስላችኋል ብላ ሳቀችብን፤ ግን እስክንጨርስ ከአጠገባችን አልተነሣችም።

አዲሱን ቀበቶ ከበሮው ላይ አዞርኩ። ፒኗን በቤንዚን አጥቤ ያለ ምንም መዶሻ በጣቴ ገፍቼ አስገባኋት፤ ከመጀመሪያውም ቤንዚን ውስጥ ነክሬ ባሳድራት ኖሮ በራሷ ትወጣ ነበር። ሞላውን በጨርቅ ሸፍኜ አስተኛሁት፤ ክዳኑን ገጠምኩ፤ ቡሎኖቹን በቺያቤ አጠበቅሁ። ጋሼ ፈንቴ ገመዷን ጎተተ፤ መጋዟ ጮኸች፤ ሰንሰለቱ እንደ ጅረት ይሮጥ ጀመር። ከዚያ እንዳሳየሁት በእጁ አንጓ ጋሻውን ወደ ፊት ገፋው።

ቀጭ አለ። ያን ድምፅ ስሰማ ሰውነቴ ደንገጥ አለ። ሰንሰለቱ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሞተሩን አጥፍቶ መጋዟን አጎንብሶ ወደ እኔ አቀረባት። ምን እንደሚፈልግ ገባኝ። ግራ ዓይኔን በእጄ ከለልኩ።

«ጥርሷ ይታይሃል?» አለኝ።

ከሩቅ ወደ ቅርብ አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ጫፋቸው ትንሽ ይደበዝዛል፣ ግን ተራቸውን ይዘው ተደርድረዋል።

«ይታየኛል» አልኩት።

እሱም ጋሻውን አስሮበት የነበረውን ሽቦ ከከረጢቱ ሥር አነሣና ሄዶ የተላቀቀውን የአጥር በር አሰረበት።